የማዶ ልጆች

ይህን የምንጽፈው ሁለት ሰዎች ነን። «እኛ» የምንለው ለማዕርግ አይደለም፤ ቍጥራችን ስለ ሆነ ነው። ከሁለታችን አንዱ የተወለደው በሸዋ ደጋ ከአንዲት ትንሽ ወንዝ በላይ ባለው ደብር ነው፤ ሌላው ከዚያችው ወንዝ በታች ባለው ደብር። ወንዚቱ በበጋ ጥጃ የሚሻገራት፣ በክረምት ግን ሁለት ሦስት ቀን ሰውን ከሰው የምትለይ ናት። ስማችንን ማውጣት አላስፈለገንም። በምንስማማበት «እኛ» እንላለን፤ በምንለያይበት ደግሞ አንዳችን «የላይኛው»፣ አንዳችን «የታችኛው» እንባላለን።

ወደዚህ ዩኒቬርሲቲ የገባነው በአንድ ዓመት፣ በአንድ ፋኩልቲ ነው። የመኝታ ቤት ድልድል ሲለጠፍ ስማችን ከአንድ በር ላይ ተገኘ። ከየት እንደ መጣን ተጠያየቅን፤ የደብራችን ስም ሲጠራ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል «ደኅና አደርህ» እና «መብራቱን አጥፋው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ክፍሉን የሚጋሩን ልጆች ነገሩ የጠባይ መስሏቸው ነበር። የጠባይ አልነበረም፤ የጨዋታ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የፎክሎር አስተማሪያችን «የተወለዳችሁበትን አገር አንድ ጨዋታ ጽፋችሁ አምጡ» ሲሉ አዘዙ። ሳንመካከር ሁለታችንም ስለ ገና ጨዋታ ጻፍን። አስተማሪው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው አንብበው ሲያበቁ ሳቁ። «ወንዙ አንድ፣ መስኩ አንድ፣ ዓመቱም አንድ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ወረቀት ላይ ያሸነፈው የጸሐፊው ደብር ነው። እውነቷ የት ገባች?» አሉ። በማርክ ፈንታ ቅጣት ሰጡን። ቅጣቱም ይህን ጨዋታ የሚመስል ሌላ ጨዋታ ከውጭ አገር ፈልገን፣ አንድ ላይ ተቀምጠን፣ በአንድ ወረቀት እንድንጽፍ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቅጣት ልጅ ነው።

በከተማ ተወልደው ላደጉት ጓደኞቻችን ስለ ገና ጨዋታ ጥቂት እንበል። ታኅሣሥ ሲገባ፣ እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ ልጅም ጎረምሳም ወደ ቍጥቋጦ ይወርድና ጫፉ የተቈለመመ ዘንግ ይፈልጋል። ዱላው እርሱ ነው። ኳሷ ሩር ትባላለች፤ ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተሠርታ ትዘጋጃለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወገን ሆኖ መቆም ነው፤ ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ያገባ ካላገባ፣ ወይም እንደ እኛ ደብር ከደብር። የሰው ቍጥር አይወሰንም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። ሩሯን እየመታ ከባላጋራው ድንበር ያሳለፈ ወገን ይረታል። ጨዋታው እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በደስታ የተጫወቱት ነው እየተባለ ስለሚነገር፣ በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፤ በጨዋታው ለደረሰበትም ነገር ጌታ እንኳ አይቈጣም ተብሏል። ማታ ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ የተሸነፈውን በግጥም ያብጠለጥለዋል። የተሸነፈውም አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይገባና ለሚመጣው ዓመት የሚሆን ግጥም ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል።

የሁለቱ ደብሮቻችን መጫወቻ ከወንዙ ዳር ያለችው የግጦሽ መስክ ናት። አባቶቻችንም አያቶቻችንም ተጋጥመውባታል። በ2008 ዓ.ም. የገና ዕለት ግን፣ እኛ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ሆነን ከመስኩ ጠርዝ ቆመን ስናይ፣ የታችኛው አጎት ከሩቅ የመታት ሩር ከመሬት ተነሥታ የላይኛውን ታላቅ ወንድም ግራ ዐይኑን አገኘችው። ዐይኑ ጠፋ።

ሆን ብሎ አደረገው ያለ ማንም የለም። ሽማግሎች ተቀመጡ፤ የበሬ ዋጋ ካሣ ተቈረጠ። የላይኛው አባት ግን «ዐይን በበሬ አይለወጥም፤ እኔም ካሣ አልጠየቅሁም» ብለው ሳይቀበሉ ቀሩ። አለመቀበላቸውን አንዱ ደብር ይቅርታ ነው አለ፤ ሌላው ቂም ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ደብሮች በገበያ ይገናኛሉ፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ፣ ማኅበርም አብረው ይጠጣሉ። በዚያች መስክ ላይ ግን የገና ዕለት ከብት ብቻ ይግጥባት ነበር። የሦስቱ ሳምንት ዝምታ ምክንያቱ ይህ ነው።

ቅጣታችንን ለመፈጸም ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስንፈልግ ያገኘነው የአየርላንድን ጨዋታ ነው። ኸርሊንግ ይባላል። (ከዚህ በኋላ ስለ አየርላንድ በምንጽፈው ሁሉ ዓመቱ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።) ዱላው ጫፉ ሰፋ ብሎ የተቈለመመ ሲሆን፣ በጥንቱ ልማድ አሽ ከሚባለው ዛፍ፣ ግንዱና ሥሩ ከሚጋጠሙበት፣ ተፈጥሮ ራሷ ካጎበጠችው ቦታ ላይ ይጠረባል። ይህን ስናነብ ተያየን፤ የእኛም አገር ሰው በቍጥቋጦ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚፈልገው ይህንኑ ነውና። ኳሷ ስሊተር ትባላለች፤ ውስጧ ቡሽ፣ ውጭዋ ቆዳ፣ ክብደቷም ከ110 እስከ 120 ግራም ነው። 15 ሰው ከ15 ሰው ይጋጠማል። ኳሷን በምድር መንዳት ብቻ አይደለም፤ በአየር ላይ እንዳለች መምታት፣ በእጅ መቅለብ፣ በዱላው ጫፍ ላይ አስቀምጦ እየሮጡ መሄድም ይፈቀዳል። ግቡ ሁለት ረዣዥም ቋሚዎችና አንድ አግዳሚ አለው። ከአግዳሚው በታች የገባች ኳስ ጎል ተብላ 3 ነጥብ ታስገኛለች፤ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ያለፈች ደግሞ 1 ነጥብ። ስለዚህ ውጤቱ ሲነገር ጎሉና ነጥቡ ለየብቻ ይጠራል።

ጨዋታው እጅግ የቆየ ነው፤ ነገር ግን እንደ እኛው በየአገሩ የተለያየ ልማድ ነበረው፤ በብዙ ቦታም እየጠፋ ሄዶ ነበር። በ1884 ኖቬምበር 1 ቀን በቲፐራሪ አውራጃ፣ ተርለስ በምትባል ከተማ፣ ጥቂት ሰዎች በአንድ ሆቴል ተሰብስበው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበርን አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ ዋናዎቹ ማይክል ኩሳክና ሞሪስ ዳቪን ነበሩ። ማኅበሩ ደንቡን በወረቀት ላይ አሰፈረው፤ ቡድኑንም በአጥቢያ ላይ መሠረተው። ሰው የሚጫወተው ለአጥቢያው ክለብ ነው፤ ከየአጥቢያው የተመረጠው ደግሞ ካውንቲ ለሚሉት፣ በእኛ የዱሮ አጠራር ለአውራጃው፣ ይሰለፋል። ለዚህም ደመወዝ አይከፈለውም። ደብሊን ያለው ክሮክ ፓርክ የሚባለው ስታዲየም 82 ሺሕ ሰው ይይዛል። ያ ሁሉ ሰው እሑድ ቀን ስሙን እየጠራ የጮኸለት ተጫዋች በማግሥቱ አስተማሪ ወይም ገበሬ ሆኖ ወደ ሥራው ይሄዳል። ዩኔስኮም በ2018 ጨዋታውን ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የያዘን ግን የሁለት ጎረቤት አውራጃዎች ነገር ነው፤ የኪልኬኒና የቲፐራሪ። ኪልኬኒ በምሥራቅ፣ ቲፐራሪ በምዕራብ ሆነው ድንበር ይጋራሉ። የኪልኬኒ መለያ ጥቁርና ቢጫ ዝንጉርጉር ነው፤ የቲፐራሪ ሰማያዊና ወርቅማ። ሲሊቭናሞን የሚባለው ተራራ የቆመው በቲፐራሪ መሬት ላይ ነው፤ ነገር ግን የኪልኬኒም ሰው አሻግሮ ያየዋል። ድንበራቸው የክፍለ ሀገርም ድንበር ነው። ኪልኬኒ በሌንስተር፣ ቲፐራሪ በመንስተር ስለሚቈጠሩ፣ ለሻምፒዮና እያንዳንዱ በመጀመሪያ በየክፍለ ሀገሩ ይወዳደራል፤ ሁለቱ ቢገናኙም የሚገናኙት ወደ መጨረሻው ነው። ጎረቤትህን በሜዳ ላይ የምታገኘው ዋንጫው ሲቀርብ ነው ማለት ነው። እስከ 2025 ድረስ ኪልኬኒ 36 ጊዜ፣ ቲፐራሪ 29 ጊዜ የመላው አየርላንድ ሻምፒዮን ሆነዋል።

በ1922 ሻምፒዮና ፍጻሜ ኪልኬኒ ቲፐራሪን ረታ። ከዚያ በኋላ ግን በሻምፒዮና ሲጋጠሙ ኪልኬኒ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሸንፍ 45 ዓመት አለፈ። በዚያ አገር ድሉን በዐይኑ ያየ ጎረምሳ ሸበተ፤ የተወለደለትም ልጅ ሳያይ ጎለመሰ። በ1967 ፍጻሜ ኪልኬኒ 3 ጎልና 8 ነጥብ፣ ቲፐራሪ 2 ጎልና 7 ነጥብ ሆኖ ያ ዘመን አበቃ።

ይህን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ የነበረው የላይኛው ነው፤ እያነበበም ደስ ይለው ነበር። በወረቀቱ ላይ እንደ ጻፈው ሳይሆን ደብሩ በእውነተኛው መስክ ላይ ብዙ ዓመት ሲሸነፍ የኖረ ነውና። (ይህን ዓረፍተ ነገር ያስገባው የታችኛው ነው፤ የላይኛውም አልሰረዘውም።) ስለዚህ በዚያች ሰዓት የላይኛው ኪልኬኒ ሆነ፤ የታችኛው ቲፐራሪ ሆነ። ነገር ግን ንባቡ ሲቀጥል የላይኛው ድምፅ ቀነሰ። በዚያው ዕለት፣ በዚያው የድል ጨዋታ ላይ፣ ቶም ዋልሽ የሚባል የኪልኬኒ ወጣት ተጫዋች አንድ ዐይኑን አጥቷል።

በክፍላችን ውስጥ ለብዙ ጊዜ ዝም ተባለ። በመጨረሻ የታችኛው «ከዚያስ በኋላ ተጋጥመዋል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ስለዚያ ነገር በመካከላችን የተነገረ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ተጋጥመዋል። በ1971 ፍጻሜ ቲፐራሪ 5 ጎልና 17 ነጥብ፣ ኪልኬኒ 5 ጎልና 14 ነጥብ አግብተው ቲፐራሪ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ እስከ 1991 ድረስ 20 ዓመት በሻምፒዮና አልተገናኙም፤ ከዚህ ውስጥ የሚበዛውን ጊዜ ቲፐራሪ ከገዛ ክፍለ ሀገሩ አሸንፎ መውጣት አቅቶት ነበርና። በ2009 እንደ ገና በፍጻሜ ተገናኙ፤ ኪልኬኒ አሸንፎ አራተኛውን ተከታታይ ዋንጫ ወሰደ። አምስተኛውን በተከታታይ የወሰደ አውራጃ በታሪክ አልነበረም። በ2010 ኪልኬኒ ለዚያ ሲነሣ ፊቱ የቆመው ያው ጎረቤቱ ነው። ላር ኮርቤት የሚባለው የቲፐራሪ ተጫዋች 3 ጎል አገባ፤ አምስተኛውም ዋንጫ ቀረ። በ2011 ኪልኬኒ ብድሩን መለሰ።

የ2014ን ፍጻሜ ፊልም በስልክ አግኝተን አይተነዋል። ያን ሌሊት ክፍሉን የሚጋሩን ልጆች ስለ ጩኸታችን ሊከሱን ደርሰው ነበር። ኪልኬኒ 3 ጎልና 22 ነጥብ፣ ቲፐራሪ 1 ጎልና 28 ነጥብ ነበራቸው፤ አንባቢ ቢደምር ሁለቱም 31 ይሆንለታል። በመጨረሻዋ ደቂቃ ጆን ኦድዋየር የሚባል የቲፐራሪ ተጫዋች ከ90 ሜትር በላይ ርቆ ቅጣት ምት መታ። ኳሷ ከቋሚው ጫፍ በላይ ስላለፈች በዐይን መለየት አልተቻለም፤ በካሜራ የሚሠራው መሣሪያ በጥቂት ሳንክ ወደ ውጭ ናት ብሎ ፈረደ። እኩል ወጡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በተደገመው ጨዋታ ኪልኬኒ በ3 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። የታችኛው ያቺን ኳስ አሁንም ገብታለች ይላል።

ከዚህ ሁሉ መካከል ሁለታችንንም ያቆመን አንድ ቀን አለ። ከ2010 ጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮ ማንም ተጫዋች የራስ ቍርና የፊት መከላከያ ሳያደርግ ወደ ሜዳ እንዳይገባ ተደነገገ። ከቶም ዋልሽ ዕለት እስከዚያ ቀን ከ42 ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ እነርሱም እንደ ማንኛውም ሰው የዘገዩ ናቸው፤ እንደ መልአክ አድርገን ልናቀርባቸው አንፈልግም። ነገር ግን ጨዋታውን ከመተው ይልቅ ጨዋታውን አረሙት።

ባለፈው ዓመት፣ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማታ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች በግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። መስመሩ እየተቈረጠ በስልክ ተከታተልነው። ቲፐራሪ 4 ጎልና 20 ነጥብ፣ ኪልኬኒ ያለ ጎል 30 ነጥብ አገኙ፤ ልዩነቱ 2 ነው። ነገር ግን በስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ ለቲፐራሪ አንድ ነጥብ በስሕተት ተጨምሮ ስለ ነበረ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ልዩነቱ 3 ሆኖ ይታይ ነበር። ኪልኬኒም ሁለት ነጥብ በቂው ሲሆን ጎል ፍለጋ ሲጋፋ ሰዓቱ አለቀበት። ስሕተቱን ያመነው ማኅበሩ ራሱ ነው፤ ውጤቱም በትክክለኛው ቍጥር ታርሞ ጸና። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቲፐራሪ በፍጻሜው ኮርክን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

በዚያ ሌሊት የላይኛው እንቅልፍ አልወሰደውም። «ሰሌዳው ነው ያሸነፈን» አለ። የታችኛው «ብትታረምም እኮ በሁለት ትሸነፋለህ» አለው። ለአንድ ነገር ሁለት ደብር ዐሥር ዓመት ሙሉ ሁለት ዐይነት ሰሌዳ ይዘው መኖራቸው ለሁለታችንም የታየን ያን ጊዜ ነው።

ያለ ጎረቤት ባላንጣነት ጣዕም የለውም፤ ያለ ልክም ባላንጣነት ጠብ ነው። ልኩ ከየት ይመጣል? የታችኛው ከደንብና ከዳኛ ነው ይላል፤ በ1884 የተሰበሰቡት ሰዎች ያመጡት መድኃኒት እርሱ ነው ባይ ነው። የላይኛው ደግሞ ደንብ ብቻውን አይበቃም፤ እኛም ሽማግሎችና የተቈረጠ ካሣ ነበረን ይላል። እርሱ እንደሚለው የኪልኬኒ ሰው 45ቱን ዓመት ያውቀዋል፤ የቲፐራሪ ሰው ቢረሳ እንኳ እርሱ ራሱ ይቈጥርልሃል። የገዛ ሽንፈቱን ቍጥር የሚያውቅ ሰው ከጎረቤቱ ጋራ አንድ መዝገብ አለው፤ አንድ መዝገብ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ቢጣሉም ይነጋገራሉ። ከሁለቱ አሳቦች የቱ እንደሚረታ አንባቢ ይፍረድ። እኛ ግን ክርክሩን ይዘን ለ2018 ዓ.ም. የገና በዓል አብረን ወደ አገራችን ሄድን።

በመጀመሪያ የሄድነው ወደ ላይኛው ወንድም ቤት ነው። ብቻችንን አልነበርንም፤ የታችኛው አጎቱን ለምኖ ይዞት መጥቷል። እኒህ ሁለት ሰዎች በለቅሶ ቤት ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አጎትየው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የዚህን ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ወንድምየው ሞፈር ሲጠርብ አገኘነው። መጥረቢያውን አስቀምጦ ተነሣ፤ ሁላችንንም ሳመ። አጎትየው ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጠ። ወሬ ስለ ጠፋ እኛ ስለ አየርላንዱ ቶም ዋልሽ አወራን።

ወንድምየው ጸጥ ብሎ አዳመጠና «ያን ቀን ማን አሸነፈ?» ሲል ጠየቀ።

«የእርሱ ወገን ነው፣ ጋሼ» አልነው።

«ይኸው፣ ይህን ያህል ሩቅ አገር ሆነው እንኳ ይታወቃል» አለ። «እኔን ዐሥር ዓመት ሙሉ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ዐይኔ ነው። ያን ቀን ጨዋታው እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ይረሳል ብለው ነው መሰል።» ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። «አያ፣ እርስዎ እዚያው ነበሩ። ማን ነበር የሚመራው?»

አጎትየው ለብዙ ጊዜ መሬት መሬቱን አየ። «አንተ ነህ እንጂ» አለ። «ሁለቱንም ያገባኸው አንተ ነህ። እኛ ምንም አልነበረንም። ሦስተኛ እንዳትደግመን ብዬ ነው አርቄ የመታኋት።» ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለም። በነጠላው ፊቱን ሸፈነ።

ወንድምየው ሳቀ። የላይኛው ወንድሙን እንደዚያ ሲስቅ ካየ ዘመን የለውም። እናትየው ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ ኖረው ቡናውን አቅርበው ለአጎትየው በመጀመሪያ ቀዱለት። አስተማሪያችን «እውነቷ የት ገባች?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ በዚያች ሰዓት ተመለሰ። የ2008ቱን ጨዋታ ሲመራ የነበረው የላይኛው ደብር ነው፤ ምስክሩም የታችኛው ደብር ሰው ነው። በታችኛው ወረቀት ላይ የተጻፈው ውሸት ነበር። በላይኛው ወረቀት ላይ የተጻፈውም ሙሉ እውነት አልነበረም፤ ጨዋታው አላለቀምና።

ሽማግሎቹን ማግባባት ሁለት ቀን ፈጀ። አንዳንዶቹ «የሞተ ነገር አትቀስቅሱ» አሉ። በመጨረሻ ወንድምየው ራሱ ከጉባዔው መካከል ተነሥቶ «ዐይኑ የእኔ ነው፤ ጨዋታው ግን የሁላችን ነው» ስላለ ፈቀዱ። ይኸውም በአራት ነገር ተወስኖ ነው። ሩሯ ከጨርቅና ከጠፍር እንጂ ከእንጨት እንዳትሆን፤ ዱላ ከወገብ በላይ እንዳይነሣ፤ ከየደብሩ ሃያ ሃያ ሰው ብቻ እንዲገባ፤ ዳኛው ከሦስተኛ ደብር እንዲመጣና ውጤቱን በደብተር እንዲጽፍ። አንድ አዛውንት ይህን ሲሰሙ «ይህ የገና ጨዋታ ነው ወይስ የሰርግ እስክስታ?» ብለው አፌዙ። የራስ ቍር ነገርንም አንሥተን ነበር፤ ነገር ግን ሳቁብን። የአየርላንዶቹን 42 ዓመት አስበን ዝም አልን፤ ሌላ ዓመት እንደግመዋለን።

የገና ዕለት ከቀትር በኋላ ሩሯን ወደ መስኩ መካከል የጣላት የላይኛው ወንድም ነው። እኛም ገብተን ተጋጥመናል፤ አንዳችን ሌላውን ሁለት ጊዜ ጥለነዋል፤ ማን ማንን እንደ ጣለ ግን ገና አልተስማማንም። አጎትየው አልተጫወተም፤ ከመስኩ ጠርዝ ከወንድምየው ጋራ ተቀምጦ ሩሯ የት እንዳለች ይነግረው ነበር። በግራ በኩል ያለውን ወንድምየው ማየት አይችልምና።

ማታ በጭፈራው ላይ የተባለብንን ግጥም እዚህ ላይ አንጽፈውም፤ የላይኛው አሁን በመልሱ ላይ ተጠምዶ ትምህርቱን እንኳ ችላ ብሏል። በደብተሩ ላይ ያለው ግን ይህ ነው፦ የታችኛው ደብር ሦስት፣ የላይኛው ደብር አንድ። ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በገዛ እጁ የጻፈው የላይኛው ነው።